የሱቅ ልጆች በልቦለድ ውስጥ፦ ከመርካቶ የተነሣ ጥያቄ

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሌላ አገር መጥተው በአዲስ አበባ፣ በተለይም በመርካቶና በዙሪያው፣ ሱቅ ከፍተው የኖሩ ቤተሰቦች ልጆች በልቦለድ ውስጥ ያገኙትን ቦታ መመርመር ነው። «የሱቅ ልጆች» የምላቸው አባታቸው ከየመን፣ ከህንድ ወይም ከሌላ አገር የመጣ፣ እነሱ ግን እዚሁ ተወልደው ከባንኮኒ ኋላ ያደጉትን ነው። የሠፈሩ ሰው «የአረብ ልጅ»፣ «የህንድ ልጅ» ሲላቸው ኖሯል፤ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ስትሆን ደግሞ «ክልስ» ይላቸዋል። ይህ የመጨረሻው ቃል ለጆሮ የሚከብድ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ሰዉ ይናገርበት የነበረው ቃል እሱ በመሆኑና ጉዳዩም በከፊል የስያሜ ጉዳይ በመሆኑ፣ በጥቅስ ምልክት ውስጥ እያስገባሁ እጠቀምበታለሁ።

ጉዳዩን እንዳነሣ ያስገደደኝ አንድ አጋጣሚ ነው። በ2017 ዓ.ም. ክረምት አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ሴት ልጁን አስከትሎ ቤቴ መጣ። ልጅቷ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። የተወለደችው የመን ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲበረታ ወላጆቿ ይዘዋት አዲስ አበባ የገቡት ገና በሕፃንነቷ ነው። አማርኛዋ የለየለት የመርካቶ ልጅ አማርኛ ነው። የመጻሕፍት መደርደሪያዬን ስታይ ቆየችና «ጋሼ፣ እንደኔ ዓይነት ልጅ ያለችበት የአማርኛ መጽሐፍ የለዎትም?» ብላ ጠየቀችኝ። ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ከጀመርሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያን ዕለት ግን ከመደርደሪያው አንድም መጽሐፍ አላወረድሁላትም።

ጽሑፉ ለዚያች ልጅ ያልሰጠሁትን መልስ ለማግኘት የተደረገ ሙከራ ነው። የማቀርበው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የአዲስ አበባ የሱቅ ልጅ ታሪክ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን በዓረብኛ ነው። የአማርኛ ልቦለድ ይህን ልጅ ዋና ገጸ ባሕርይ ከማድረግ የራቀው ወጣትን ሲቀርጽ አገርን እንዲወክል አድርጎ መቅረጽ ልማዱ ስለሆነ ነው የሚል እምነት አለኝ።

2. መርካቶና ባንኮኒው

የዛሬው መርካቶ የጣሊያን ወረራ ዘመን ሥራ ነው። ከዚያ በፊት የከተማይቱ ዋና ገበያ አራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ነበር። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ነጩንና ጥቁሩን በሠፈር ለመለየት ባወጡት ዕቅድ መሠረት ያገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ አዛወሩት። በቋንቋቸው «ያገሬው ገበያ» ብለው ሲሰይሙት ሕዝቡ «መርካቶ» የምትለዋን ብቻ ይዞ ቀረ፤ ሠፈሩንም «አዲስ ከተማ» አለው። ታላቁ አንዋር መስጊድም የዚያው ዘመን ሕንፃ ነው። እንግዲህ መርካቶ ሰውን ከሰው ለመለየት ታስቦ የተቆረቆረ ገበያ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘናትና ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ሰው ጎን ለጎን የሚነግድበት፣ የሚዋለድበትም ሠፈር ሆነ።

ከባሕር ማዶ ከመጡት መካከል በትንንሽ ችርቻሮ ስማቸው የገነነው የመኖች ናቸው። መንገዳቸው ከዐደን ወደ ጅቡቲ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው የምድር ባቡርም ወደ መሐል አገር ነበር። ከሰሜን የመን ተራሮች ያባረራቸው ድህነትና የኢማሞቹ አገዛዝ የሚጥልባቸው ግብር ነው። ብዙዎቹ የመጡት ሚስታቸውን በገጠር ትተው ብቻቸውን ነው። ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ ገንዘብ ቋጥሮ፣ በመንደሩ የድንጋይ ቤት ሠርቶ መመለስ የሁሉም ሕልም ነበር። ዓመቱ እየተራዘመ ሲሄድ እዚሁ ትዳር ይይዛሉ፤ ልጆች ይወለዳሉ። ሱቁ ጎሕ ሲቀድ ይከፈታል፤ የሚዘጋው ሠፈሩ ሲተኛ ነው። ስኳር በማንኪያ፣ ላምባ በጠርሙስ፣ ሲጋራ በነጠላ ይሸጥበታል። ዱቤው በአሮጌ ደብተር ይመዘገባል። የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ «አረብ ሱቅ ሂድ» እየተባለ ሲላክ አድጓል።

እኔም አዲስ ከተማ፣ ከአንዋር መስጊድ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ያደግሁ ነኝ። ትውልዴ 1970ዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ የሱቆቹን ደግ ዘመን አልደረስሁበትም። በ1967 ዓ.ም. ትልልቅ ድርጅቶችና የከተማ ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ከተወረሱ በኋላ ብዙ የውጭ አገር ነጋዴ ከአገር ወጥቷል። በእኛ መንደር የቀረው አንድ ሱቅ ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም «ሐጂ» እንላቸዋለን። ሚስታቸው ወሎዬ ናቸው። የልጃቸውና የእኔ ዕድሜ እኩል ነው፤ ቤቴ የመጣው ጓደኛዬ እሱ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እኔ ወደ ኳስ፣ እሱ ወደ ባንኮኒው ይሄዳል። ከፍ ብሎ እንዲታይ የላምባ ጣሳ ገልብጦ ይቆማል። ከሳሙናው ካርቶንና ከስኳሩ ጆንያ መካከል ሆኖ የቤት ሥራውን ሲሠራ ደንበኛ ሲመጣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ይሰካል። ሦስት ቋንቋ ይሰማል፤ አባቱ በዓረብኛ ይቆጡታል፤ እናቱ በአማርኛ ያባብሉታል፤ ደንበኛው በጉራግኛ ዋጋ ይከራከረዋል።

አምስተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን «አገሬን የምወድበት ምክንያት» የሚል ድርሰት አጻፉን። የክፍሉን ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ጓደኛዬ ነበር፤ ያለ ጥርጥር በአማርኛ ከሁላችንም ይበልጣል። ደብተሩ ሲመለስለት ግን ከነጥቡ ሥር በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ተጽፋበት አየን፦ «የትኛዋን?» ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መምህሩ በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም፤ ቀልድ መስሏቸው ይሆናል። ጓደኛዬ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ድርሰት ሲታዘዝ ግማሽ ገጽ ብቻ እየጻፈ ማስረከብ ጀመረ።

በ1985 ዓ.ም. አባቱ ቤተሰቡን ይዘው ወደ የመን ተመለሱ። ከዚያ በኋላ አንዲት ደብዳቤ በአማርኛ ላከልኝ። እዚያ የሠፈሩ ልጆች «ሐበሻ» እያሉ እንደሚጠሩት ጽፎ ነበር። በየመን ከባዕድ እናት የተወለደውን «ሙወለድ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ከእኛው «ክልስ» የማይርቅ፣ ክብደቱም የማያንስ ቃል ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ በተወለደበት አገር «አረብ»፣ በአባቱ አገር «ሐበሻ» ተባለ ማለት ነው። ወጣትነት «እኔ ማነኝ?» የሚባልበት ዕድሜ ነው ከተባለ፣ ይህን ጥያቄ የሱቅ ልጅን ያህል በየቀኑ ከሌላ ሰው አፍ የሚሰማው የለም። የልቦለድ ጥሬ ሀብትነቱ እዚህ ላይ ነው።

3. በዓረብኛ የተጻፈው አዲስ አበባ

ይህን ሀብት አስቀድሞ የተጠቀመበት ደራሲ ራሱ የዚህ ሕይወት ውጤት ነበር። ሙሐመድ ዐብዱልወሊ በ1940 እ.ኤ.አ. ገደማ ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ፤ የልጅነት ትምህርቱን የተማረውም አዲስ አበባ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለትምህርት ወደ ካይሮ ሄደ፤ ከዚያም ሞስኮ በሚገኘው የጎርኪ የሥነ ጽሑፍ ተቋም ተማረ። የ1962 እ.ኤ.አ. የየመን አብዮት የኢማሙን አገዛዝ ከጣለ በኋላ በዲፕሎማትነት አገልግሏል፤ ታስሯልም። በ1973 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ዕድሜው ከሠላሳዎቹ መጀመሪያ አልዘለለም። ዛሬ ከዘመናዊው የየመን ልቦለድ ጀማሪዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። እኔ ሥራዎቹን ያነበብሁት በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው።

በጣም የታወቀው ሥራው በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው «የሙቱን ጉረባ» የተሰኘ አጭር ልቦለድ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ባዕድ እንደሆኑ ይሞታሉ» ሊባል ይችላል። መቼቱ ስድስት ኪሎ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዐብዱ ሰዒድ ሚስቱንና ልጁን የመን ትቶ የመጣ ባለ ሱቅ ነው። ሳንቲም በሳንቲም ላይ ይቆልላል፤ በመንደሩ ስለሚሠራው ቤት ያልማል፤ ከደንበኞቹ ሴቶች ጋር ይዳራል። ከኢትዮጵያዊት የተወለደ ልጁን እንዲቀበል ሲጠየቅ ይክዳል። ታላላቆቹ በጉዳዩ ላይ ይነጋገራሉ። ለልጁ የሚከራከርለት ራሱም «ሙወለድ» የሆነ አንድ ጸሐፊ ነው። ዐብዱ ሰዒድ ግን ያን ቤት ሳይኖርበት እዚሁ በባዕድ አገር ይሞታል።

አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የዚህ ልቦለድ እምብርት ልጁ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ራሱ አይናገርም። ስለ እሱ የሚናገሩት አባቱ፣ አሳዳጊው፣ ሽማግሌውና ጸሐፊው ናቸው። ሕፃን ስለሆነ ነው ሊባል ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ የአቀራረብ ስልት የሱቅ ልጆችን ኑሮ በሚገባ ያንፀባርቃል። ልጁ የሌሎች ክርክር ርእስ ነው፤ ይገባዋል ወይስ አይገባውም፣ የእኛ ነው ወይስ የእነሱ እየተባለ ዕጣ ይጣልበታል።

«አቡ ሩቢያ» በተባለው አጭር ልቦለድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ የሚተርከው ልጁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየመን ባለ ሱቆች መካከል የሚያድግ ብላቴና ነው። ሰዉ እብድ ነው የሚለውን፣ በየግድግዳው ላይ በከሰል የነጋዴዎቹን መልክ እያጣመመ የሚሥለውን አንድ ስደተኛ ይወዳጃል። አቡ ሩቢያ የሚል ስም ያወጡለት ከሰው አንድ ሩፒ እየለመነ ስለሚኖር ነው። ይህ ሰው ለብላቴናው ስለ አገሩ ይነግረዋል፤ ሂድና ተማር ይለዋል። ልጁ የአባቱን ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ሆኖ የሚያየው በዚያ የከሰል ሥዕል ነው። የተከበረ ነጋዴ ሲያስቅ ያያል። ከዚያ በኋላ ባንኮኒው እንደ ቀድሞው አይሆንለትም።

የወጣትነት ልቦለድ የምንለው ዓይነት ዋና ምልክቱ ይህ ይመስለኛል፤ ልጁ አዋቂዎች የሰጡትን ዓለም በራሱ ዓይን መልሶ የሚያይባት ቅጽበት። ያቺ ቅጽበት በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ፣ በአዲስ አበባ ልጅ ላይ ደርሳ ተጽፋለች። የምትነበበው ግን በሰንዓና በካይሮ ነው።

4. የአማርኛው ወጣት የተሸከመው

የአማርኛ ልቦለድ ወጣትን አያውቅም ማለት አይቻልም። ከጅምሩ የወጣት ሥነ ጽሑፍ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» (1925 ዓ.ም.) ዋና ገጸ ባሕርይ አወቀ ከተጉለት ተነሥቶ ፓሪስ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው። ተመልሶ ከአገሩ ልማድ፣ ከተዝካሩና ከሠርጉ ወግ ጋር ይጋጫል። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ የበዛብህ ልጅነት፣ የወላጆቹ ስእለትና የቅኔ ትምህርቱ ሰፊ ቦታ ይዟል። በዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ወጣቱ ከገጠሩ ኅብረተሰብ ጋር ይሟገታል።

እነዚህን ሦስት ወጣቶች አንድ የሚያደርጋቸው ከራሳቸው የሚበልጥ ሸክም መሸከማቸው ነው። አወቀ ሥልጣኔን፣ በዛብህ በመደብ የታሠረውን ፍቅርና ሕይወት፣ አደፍርስ የተማረውን ትውልድ ጥያቄ ይሸከማሉ። ደራሲያኑ የጠየቁት «አገሪቱ ወዴት ትሂድ?» የሚለውን ነበር፤ ጥያቄውም የዘመኑ ትልቅ ጥያቄ ስለነበር የሚነቀፉበት ምክንያት የለም። ሆኖም በዚህ አቀራረብ ወጣቱ ገጸ ባሕርይ አስቀድሞ ያለ ክርክር «የአገር ልጅ» መሆን አለበት። አገርነቱ የሚያጠራጥር ልጅ አገርን ሊወክል አይችልም። ስለዚህ የሱቅ ልጅ በእንዲህ ያለ ሴራ ውስጥ ቢገባ እንኳ ድርሻው የመቼት ማድመቂያ ከመሆን አያልፍም፤ ጀግናው ሲጋራ ሲገዛ ከባንኮኒው ኋላ መልስ የሚቆጥር እጅ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ጋር የሚነሣ አንድ የታወቀ ሐቅ አለ። የአዲስ አበባን ኑሮ በአማርኛ ልቦለድ በማሳየት ማንም የማይስተካከለው በዓሉ ግርማ የህንዳዊ ነጋዴ ልጅ ነው። እናቱ ኢትዮጵያዊት ሲሆኑ የተወለደው በኢሉባቦር ሱጴ ነው። ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ በጋዜጠኝነት ሠራ፤ «ከአድማስ ባሻገር»ን በ1962 ዓ.ም.፣ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በክፍሌ ይህን ስናገር ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይገረማሉ። ግርምታቸው ራሱ የሚናገረው አለ። አማርኛን እንደ እሱ ያዘመነ ሰው የነጋዴ ባዕድ ልጅ ሊሆን እንደሚችል አስበውት አያውቁም።

የዋና ሥራዎቹ ገጸ ባሕርያት ቢሮክራቶች፣ ሠዓሊዎች፣ ደራሲዎች፣ ጋዜጠኞችና ካድሬዎች ናቸው። ደራሲ የራሱን ሕይወት እንዲጽፍ አይገደድም፤ በዓሉም የጻፈው ዘመኑን ነው፤ ለዚያም ሕይወቱን ከፍሏል። እዚህ ላይ ላመለክት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። የሱቅ ልጅ በአማርኛ ዋና ገጸ ባሕርይ ያልሆነው ከባንኮኒው አካባቢ ጸሐፊ ስላልወጣ ነው የሚለው ምክንያት ዋጋ የለውም። ወጥቷል፤ ለዚያውም ከታላላቆቹ አንዱ።

የአማርኛ ልቦለድ ልጅን ከውስጥ ማየት አይችልም የሚለውም አያስኬድም። አዳም ረታ በ«ግራጫ ቃጭሎች» (1997 ዓ.ም.) የመዝገቡን ልጅነትና ጉርምስና ከሽታው፣ ከምግቡ፣ ከጥቃቅን ትዝታው ሳይቀር አሳይቷል። መዝገቡ አገርን እንዲወክል አይጠበቅበትም፤ ራሱን መሆኑ ይበቃል። መንገዱ ተጠርጓል፤ የቀረው ይህን ዓይን ወደ ባንኮኒው ማዞር ነው።

5. ሌሎች ሱቆች፦ ሳን ፍራንሲስኮና ዋሽንግተን

ሌላው ዓለም ይህን ችግር እንዴት እንደተወጣው ለማየት የቻይናውያን ስደተኞችን ልጆች ምሳሌ ማንሣት ይጠቅማል። ታሪካቸው ከየመኖቹ ጋር ይመሳሰላልና። አሜሪካ በ1882 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ ከለከለች፤ ሕጉ የተሻረው በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ መካከል ብዙ ወንዶች ሚስትና ልጅ ባሕር ማዶ ትተው፣ ገንዘብ እየላኩ፣ በልብስ ማጠቢያና በትንንሽ ሱቆች ኖረዋል። በአሜሪካ ልቦለድና ፊልምም ለረጅም ጊዜ የሚታዩት እንደ መሳቂያ ወይም እንደ ምሥጢረኛ ባዕድ ነበር።

ይህን ከለወጡት አንዱ በ1948 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው ሎረንስ የፕ ነው። ያደገው ወላጆቹ በጥቁሮች ሠፈር በከፈቱት የሸቀጥ ሱቅ ውስጥ ነው፤ እሱም የሱቅ ልጅ ነበር ማለት ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የድራጎን ክንፎች» አንድ ልጅ አይቶት ከማያውቀው አባቱ ዘንድ ከቻይና ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲመጣ ራሱ ይተርካል። በ1977 እ.ኤ.አ. በወጣው «የጉጉት ልጅ» ደግሞ ቻይንኛ የማትችል ልጃገረድ ከአያቷ ጋር እንድትኖር ወደ ቻይናውያን ሠፈር ትላካለች። የየፕ ብልሃት ቀላል ነው። ስደተኞቹ ለአሜሪካ ምን ጠቀሙ ወይም ጎዱ ብሎ አልተነሣም። ልጁን «እኔ» አሰኘው። «እኔ» ያለ ልጅ መኖሩን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ይበልጥ ደፈሩ። ጂን ሉወን ያንግ በ2006 እ.ኤ.አ. «አሜሪካ የተወለደ ቻይናዊ» በተባለ የሥዕል ልቦለዱ፣ እንደ ጓደኞቹ ለመምሰል ብሎ መልኩንና ስሙን እስከ መቀየር የሚደርስ ልጅ ፈጥሯል። መጽሐፉ በ2007 እ.ኤ.አ. ለወጣቶች መጻሕፍት የሚሰጠውን የፕሪንትዝ ሽልማት አገኘ። ታሪኩን ሳነብ ድርሰቱን በግማሽ ገጽ የሚጨርሰው ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። እሱም በራሱ መንገድ ራሱን መደበቁ ነበር።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ታሪኩ ቦታውን ቀይሮ እናገኘዋለን። ዛሬ በሰው አገር ሱቅ ከፍቶ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የተወሰደው ዲናው መንግሥቱ በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያሳተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ሰጳ እስጢፋኖስ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል የከሰረ ትንሽ ሱቅ አለው። ወደ ሱቁ የምትመላለሰው ናኦሚ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስትሆን እናቷ ነጭ አሜሪካዊት፣ አባቷ ሞሪታንያዊ ነው። ሁለቱ ከባንኮኒው አጠገብ ተቀምጠው የዶስቶየቭስኪን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» አብረው ያነባሉ። ዐብዱ ሰዒድ በስድስት ኪሎ ለክልስ ልጁ የነፈገውን ጊዜ፣ ሰጳ በዋሽንግተን ለባዕድ ልጅ ይሰጣል። ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጡ ይገባል እላለሁ።

በእንግሊዝ ደግሞ ገጣሚው ቤንጃሚን ዘፈናያ በ2001 እ.ኤ.አ. ለወጣቶች በጻፈው «ስደተኛው ልጅ» ውስጥ ዓለም የተባለ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ አለ። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲነሣ በሁለቱም ወገን እንደ ባዕድ ስለሚታይ አባቱ እንግሊዝ አገር ወስዶ ትቶት ይመለሳል። ደራሲው ወላጆቹ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ የበርሚንግሃም ተወላጅ ነበር። በገዛ ምድራችን «የትኛዋን?» ስለተባለ ልጅ ለወጣቶች የተጻፈውን መጽሐፍ ያገኘነው ከእሱ ነው።

6. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ሲጠቃለል፣ የሱቅ ልጅ በዓረብኛ፣ በእንግሊዝኛ «እኔ» ብሏል። ከሁሉም አብልጦ በሚናገረው በአማርኛ ግን ገና ደህና አድርጎ አልተናገረም። ጉዳቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ቋንቋችንን ከእኛ እኩል የሚያውቅ ሰው በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ እንደ ደንበኛ እንጂ እንደ ባለቤት ሳይቆጠር ሲቀር፣ አማርኛ የሚያጣው አንድ ሙሉ የአዲስ አበባ ትዝታ ነው። ያ ትዝታም በራሱ ጊዜ እየጠፋ ነው። ሱቆቹን የሚያስታውሱ ሽማግሎች እያለፉ ነው፤ መርካቶም እየፈረሰና እየተሠራ ነው፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ የደረሰው ቃጠሎ አንድ ሌሊት ምን ያህል ሊወስድ እንደሚችል አሳይቶናል። በሌላ በኩል የቻይና ሸቀጥ መርካቶን ከሞላ ቆይቷል፤ ከሸቀጡም ጋር ሰው መጥቷል። ነገ በአማርኛ የሚያልም የቻይናዊ ልጅ ድርሰት ጽፎ ለመምህሩ ያስረክባል። መምህሩ ከእኛ ክፍል የወጣ ይሆናል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የሙሐመድ ዐብዱልወሊ ሥራዎች፣ በተለይም «የሙቱን ጉረባ»ና «አቡ ሩቢያ»፣ ከዓረብኛው በቀጥታ ወደ አማርኛ ተተርጉመው በትምህርት ክፍላችን ሊነበቡ ይገባል። የአዲስ አበባ ሥነ ጽሑፍ ናቸውና። ሁለተኛ፣ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲፈልጉ ወደ መርካቶ ተራዎች ወርደው የሱቅ ቤተሰቦችን የቃል ታሪክ እንዲሰበስቡ እናበረታታ። ልቦለዱን ማን እንደሚጽፈው አናዝም፤ መነሻውን ግን ከመጥፋት ማዳን እንችላለን።

ለጓደኛዬ ልጅ በዚያው ክረምት «አቡ ሩቢያ»ን ከእንግሊዝኛው እያነበብሁ በአማርኛ ነገርኋት። ስጨርስ «ልጁ በኋላ ምን ሆነ?» አለችኝ። ደራሲ ሆነ አልኋት። «ታዲያ በአማርኛ ለምን አልጻፈውም?» አለች። በልጅነቱ ስለሄደ፣ የተማረውም በዓረብኛ ስለሆነ ነው ብዬ መለስሁላት፤ መልሱ እውነት ቢሆንም እኔንም አላረካኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በአባቷ እጅ አንድ ደብተር ላከችልኝ። ሦስት ገጽ ጽፋለች፤ የሚጀምረው ከአያቷ ሱቅ ነው። ሁለት የፊደል ግድፈት በእርሳስ አረምሁና፣ ከሥሩ «ቀጥዪ» ብዬ መለስሁላት።